ስምን ሐኪም ሲያወጣው

በ2013 የአሜሪካ የአእምሮ ሐኪሞች ማኅበር መዝገቡን አድሶ አወጣ። (በዚህ ምዕራፍ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ዲኤስኤም የሚባለው ይህ መዝገብ በዚያ አገር ተራ መጽሐፍ አይደለም። ሐኪሙ በእሱ ይመረምራል፤ ፍርድ ቤቱ ይጠቅሰዋል፤ ኢንሹራንሱም እዚያ ላይ ስሙ ለሌለ ሕመም ኪሱን አይፈታም። በአዲሱ፣ በ5ኛው እትም ከተሰረዙት ስሞች አንዱ አስፐርገር ሲንድረም ነበር። ሰዎቹ ተፈወሱ የተባለ እንዳይመስላችሁ። ስሙ ከኦቲዝም ጋር ተቀላቅሎ “የኦቲዝም ስፔክትረም” በሚል አንድ ጣሪያ ሥር ገባ እንጂ።

የበሽታ ስም ከመዝገብ ሲፋቅ የሚከፋው ሰው ይኖራል ብሎ የሚገምት ጥቂት ነው። የተከፋው ግን ብዙ ነበር። ለዓመታት ራሳቸውን “አስፒ” እያሉ ሲጠሩ የኖሩ፣ በዚያ ስም ማኅበር ያቋቋሙና መጽሐፍ የጻፉ ሰዎች ፊርማ አሰባሰቡ፣ ተሟገቱ። ሐኪሞቹም ያለ ምክንያት አልነበረም ያደረጉት። ያው አንድ ዓይነት ልጅ በአንዱ ክሊኒክ አስፐርገር፣ በሌላው ኦቲዝም ይባል ነበር። ስያሜውን የሚወስነው የልጁ ጠባይ ሳይሆን የሄደበት ክሊኒክ ልማድ መሆኑ በጥናት ታይቷል። እንዲህ ያለ ስም ለሳይንስ አይበጅም። ለባለቤቶቹ ግን ጉዳዩ የሳይንስ ብቻ አልነበረም፤ ከመዝገቡ የወጣው ራሳቸውን ያወቁበት ስም ነበር።

ሐኪም ለመለያ ያወጣው ስም እንዴት የሰው መጠሪያ፣ ከዚያም የወገን መጠሪያ ይሆናል? ወገን ከሆነ በኋላስ በስሙ የሚናገረው ማን ነው? ለእኔ ከሁለቱ የሚከብደው ሁለተኛው ነው።

ያው መዝገብ ከዚያ በፊትም ሁለት ትልልቅ ሙግቶች አይቷል። በ1973 መጨረሻ የማኅበሩ ቦርድ በተመሳሳይ ፆታ መሳብን ከአእምሮ ሕመሞች ዝርዝር አወጣ። ይህን ያስደረጉት በዚያ ስም በሽተኛ የተባሉት ሰዎች ራሳቸው ናቸው፤ የሐኪሞቹን ጉባኤ ለዓመታት እየገቡ ሲያውኩ፣ ሲከራከሩ ቆይተዋል። ውሳኔውን የተቃወሙ ሐኪሞች በማግስቱ ዓመት የአባላት ድምፅ እንዲሰጥበት አስገደዱ፤ 58 በመቶው ውሳኔውን ደገፈ። በሽታ ነው አይደለም የሚለው ነገር በድምፅ ብልጫ ሲወሰን ማየት ብዙ ሰው አስደነገጠ፤ ዛሬም የአእምሮ ሕክምናን የሚጠራጠሩ ሰዎች ያቺን ድምፅ ማንሳት አይሰለቻቸውም።

ሁለተኛው ሙግት ተገላቢጦሽ ነበር። ከቬትናም የተመለሱ ወታደሮች ሌሊት በቅዠት ይባንናሉ፣ ድንገተኛ ድምፅ መሬት ላይ ይጥላቸዋል፣ ከቤተሰባቸው ጋር መኖር ያቅታቸዋል። ለዚህ የሚሆን ስም መዝገቡ ላይ አልነበረም። ስም ስለሌለ ካሳም፣ ሕክምናም የለም፤ ያለው “ድሮም ደካማ ነበርክ” የሚል ፍርድ ነው። ከ1970 ጀምሮ ኒው ዮርክ ውስጥ ሮበርት ሊፍተንና ካይም ሻታን ከሚባሉ የአእምሮ ሐኪሞች ጋር ክብ ሠርተው እየተቀመጡ ያዩትንና ያደረጉትን ማውራት ጀመሩ። ከዚያ የተነሣው ግፊት በ1980 ፒቲኤስዲ የሚባለውን ስም መዝገቡ ውስጥ አስገባ። አንዱ ወገን ለመውጣት፣ ሌላው ለመግባት ታገለ ማለት ነው።

አስፒዎቹ ከሁለቱም ይለያሉ። መዝገቡ ውስጥ መቆየት ይፈልጋሉ፤ ደግሞ “በሽተኞች አይደለንም” ይላሉ። አድማጭ የሚደናገረው እዚህ ላይ ነው፤ ብዙ ጊዜም ነገሩን እንደ ማጭበርበር ይቆጥረዋል። ለመረዳት ወደ ኋላ 80 ዓመት ገደማ መሄድ ያስፈልጋል።

ኦቲዝምን በዛሬው መልኩ ለዓለም ያስተዋወቀው ጽሑፍ የወጣው በ1943 ነው። ጸሐፊው በባልቲሞር የጆንስ ሆፕኪንስ ሐኪም ሊዮ ካነር ሲሆን የገለጸው 11 ልጆችን ነበር፤ 8 ወንዶችና 3 ሴቶች። የመጀመሪያው ልጅ ዶናልድ ይባላል። ሚሲሲፒ ውስጥ ፎረስት ከምትባል ትንሽ ከተማ የመጣ የጠበቃ ልጅ ነው። አባቱ ስለ ልጁ ጠባይ ለሐኪሙ የላከው ደብዳቤ በታይፕ የተመታ 33 ገጽ ነበር። ሕፃኑ ገና በ3 ዓመቱ በጊዜው ሐኪሞች ምክር ከቤተሰቡ ተለይቶ ተቋም ገብቶ ነበር፤ ወላጆቹ አላስችል ብሏቸው አወጡት።

የዶናልድ ትሪፕሌት ቀሪ ሕይወት ከምርመራው የበለጠ ያስተምራል። ኮሌጅ ገብቶ በ1958 ተመረቀ፤ በቤተሰቡ ባንክ ተቀጠረ፤ መኪና ነዳ፤ ጎልፍ ተጫወተ፤ ብቻውን ብዙ አገር ዞረ። በ2023 በ89 ዓመቱ ሞተ። ሁለት ጋዜጠኞች በስተርጅናው ሊያገኙት ፎረስት ሲሄዱ የከተማው ሰው መጀመሪያ ያደረገው ነገር እነሱን ማስጠንቀቅ ነበር፤ ዶናልድን የሚያስከፋ ነገር ከጻፋችሁ እኛ አለን የሚል። ያቺ ከተማ ዶናልድን የኔ ነው ብላው ነበር፤ ለዚያም የሐኪም ስም አላስፈለጋትም። ነገር ግን የዋህ አንሁን። ዶናልድ የባንክ ባለቤቶች ልጅ፣ ነጭ፣ በዘር መድልዎ ሕግ በሚተዳደር ሚሲሲፒ የተወለደ ነው። በዚያው ዓመት በዚያው ከተማ የተወለደ የጥቁር ገበሬ ልጅ እንዲያ ቢሆን ኖሮ 33 ገጽ ደብዳቤ የሚጽፍለት፣ ባቡር አሳፍሮ ባልቲሞር የሚያደርሰው አልነበረም። ከካነር 11 ልጆች አባቶች 4ቱ ራሳቸው የአእምሮ ሐኪሞች ነበሩ። ኦቲዝም የተማሩና የባለጠጎች ቤት ነገር ነው የሚለው አጉል እምነት ለረጅም ጊዜ የቆየው ከዚህ የተነሣ ነው፤ ለምርመራ መድረስ የቻሉት እነሱ ብቻ ስለነበሩ።

ካነር ስለ ወላጆቹ ሲጽፍ ቅዝቃዜ አየሁባቸው ብሎ ነበር። ይህች ቃል ብዙ እናት አስለቀሰች። በቺካጎ ለታወኩ ልጆች የሚሆን ትምህርት ቤት ይመራ የነበረው ብሩኖ ቤተልሃይም በ1967 ባወጣው መጽሐፍ ልጁን ወደ ራሱ ውስጥ ያስሸሸው የእናቱ ጥላቻ ነው እስከ ማለት ደረሰ። ቤተልሃይም ከናዚ ማጎሪያ የተረፈ ሰው ነበርና የልጁን ሁኔታ ከማጎሪያ እስረኛ ሁኔታ ጋር አነጻጸረው። እንግዲህ እናትየዋ በዚህ ንጽጽር ውስጥ ማን እንደምትሆን አስቡት። አሜሪካ ውስጥ አንድ ትውልድ ሙሉ እናቶች ልጃቸውን ይዘው ሐኪም ቤት ሲሄዱ ተከሳሽ ሆነው ነበር የሚገቡት።

ያንን ክስ የሰበሩት ወላጆች ናቸው። በርናርድ ሪምላንድ የባሕር ኃይል የሥነ ልቦና ባለሙያና የኦቲዝም ልጅ አባት ነበር፤ በ1964 ባሳተመው መጽሐፍ ኦቲዝም ከአንጎል አሠራር እንጂ ከእናት ፍቅር ማጣት እንደማይመጣ ተከራከረ። በማግስቱ ዓመት ወላጆች ብሔራዊ ማኅበር መሠረቱ። በ1969 ካነር ራሱ በማኅበሩ ስብሰባ ተገኝቶ ወላጆቹን ከጥፋተኝነት ነፃ አላችኋለሁ አላቸው። ስሙ በዚህ ጊዜ ከሐኪሞች እጅ ወደ ወላጆች እጅ ገባ። ወላጆቹ ትምህርት ቤት አስከፈቱ፣ ሕግ አስወጡ፣ ለምርምር ገንዘብ አሰባሰቡ። ይህን ውለታ ኋላ የመጡት ቅሬታዎች እንዲያስረሱን አልፈልግም።

የስሙን ክልል ያሰፋችውም እናት ናት። ሎርና ዊንግ እንግሊዛዊት የአእምሮ ሐኪም ነበረች፤ ልጇ ኦቲዝም ነበረባት። በሥራዋ የካነርን መስፈርት የማያሟሉ፣ ግን በግልጽ ከዚያው ወገን የሆኑ ብዙ ሰዎች ታይ ነበር፤ የሚናገሩ፣ የሚማሩ፣ ነገር ግን የሰው ዓለም የማይገባቸው። በ1981 ባወጣችው ጽሑፍ ለነዚህ መጠሪያ ይሆን ዘንድ በቪየና በ1944 ተመሳሳይ ልጆችን የገለጸውን የሐኪም ሐንስ አስፐርገርን ስም አነሣች። ያ ስም ከ13 ዓመት በኋላ ዲኤስኤም ውስጥ ገባ። በዚህ ምክንያት 40 እና 50 ዓመት የሞላቸው ሰዎች፣ ዕድሜ ልካቸውን ዕብሪተኛ፣ ግትር፣ ፈዛዛ ሲባሉ የኖሩ፣ ከሥራ ለምን እንደሚባረሩ ያልገባቸው፣ አንድ ቀን ከሐኪም ክፍል በስም ወጡ። ብዙዎቹ የጻፉት አንድ ዓይነት ነው፦ ጥፋት መስሎኝ የኖርኩት ነገር የተፈጥሮዬ ጠባይ ነበር። ለእንዲህ ያለ ሰው ምርመራው ነውር ሊሆንበት አይችልም፤ ከነውር ያወጣው ነውና።

ካናዳዊው ፈላስፋ ኢያን ሃኪንግ ይህን ነገር ብዙ መረመረው። ድንጋይ ባልጩት ቢሉት ሌላ ስም ቢያወጡለት ደንታ የለውም፤ ሰው ግን የወጣለትን ስም ይሰማል። ሰምቶም ይለወጣል፤ እሱ ሲለወጥ ስሙ የሚገልጸው ነገርም ይለወጣል፤ ሐኪሙ እንደገና መግለጫውን ማረም ይኖርበታል። ዑደቱ ማቆሚያ የለውም። የሃኪንግን ነጥብ በአንድ ነገር ላሰፋው እፈልጋለሁ፦ ለውጡ የሚፋጠነው ስሙን የተሸከሙት ሰዎች እርስ በርሳቸው የተገናኙ ዕለት ነው። ሐኪም ክፍል ውስጥ አንድ ታማሚና አንድ ሐኪም ብቻ ሲሆኑ ስሙ የሐኪሙ ነው። አንድ አዳራሽ ውስጥ 50 ባለ ስሞች ሲቀመጡ ግን ሐኪሙ እንግዳ ይሆናል።

አዳራሹ የተገኘው በ1990ዎቹ ነው። በ1993 ቶሮንቶ ላይ በተደረገ ዓለም አቀፍ የኦቲዝም ጉባኤ የኦቲዝም ባለቤት የሆኑት ጂም ሲንክሌር ወላጆች ፊት ቆመው ተናገሩ። መልእክቱ ለሰሚው መራራ ነበር። የምታለቅሱት ይወለድልናል ብላችሁ ለጠበቃችሁት ልጅ ነው፤ ያ ልጅ አልተወለደም፤ የተወለድነው እኛ ነን፤ ለቅሶውን እኛ ላይ አታድርጉ የሚል። ከዚያ በፊት ስለ ኦቲዝም በጉባኤ የሚናገሩት ሐኪሞችና ወላጆች ነበሩ፤ ባለቤቱ ከተጋበዘም የሕይወት ታሪኩን ነግሮ ተጨብጭቦለት ይቀመጣል። ሲንክሌር ከወላጆቹ ጋር ክርክር ገጠሙ። በ1996 ደግሞ እሳቸውና ጓደኞቻቸው አውትሪት የሚባል ዓመታዊ ማረፊያ ጀመሩ። ለኦቲዝም ሰዎች በኦቲዝም ሰዎች የተዘጋጀ ነበር። ተሳታፊው ደረቱ ላይ ቀለም ያለው ምልክት ያንጠለጥል ነበር፦ ቀይ ከሆነ ማንም እንዳያናግረኝ፣ ቢጫ ከሆነ የማውቀው ሰው ብቻ ያናግረኝ ማለት ነው። ሰላምታ መመለስ ግዴታ በሆነበት ባህል ላደግነው ለእኛ ይህ የጠብ ምልክት ሊመስለን ይችላል። እዚያ ግን ሰው ሳይሳቀቅ ከሰው መሀል እንዲቀመጥ ያስቻለው እሱ ነው።

ኢንተርኔትም በዚያው ሰሞን ደረሰ፤ ዓይን ለዓይን ሳይተያዩ ማውራት ለሚመርጥ ሰው ከዚህ የተሻለ ነገር አልነበረም። “ኒውሮዳይቨርሲቲ” የሚባለው ሐሳብ ከዚህ ጭውውት ወጣ፤ የሰው አንጎል ብዙ ዓይነት ነው፣ ብዙነቱም እንደ ማንኛውም የተፈጥሮ ብዝኃነት ሊታይ ይገባል የሚል። ለረጅም ጊዜ ሐሳቡ የአውስትራሊያዊቷ የጁዲ ሲንገር ነው ሲባል ቆይቷል፤ በ1998 የዩኒቨርሲቲ ማሟያ ጽሑፏ ውስጥ አስፍራዋለችና። የኦቲዝም ተመራማሪዎች በቅርቡ የድሮ መልእክቶችን አገላብጠው የብዙ ሰዎች የጋራ ሥራ እንደነበረ አሳይተዋል። ቢሆን አያስገርምም፤ የወገን ሐሳብ አንድ ወላጅ የለውም።

የዚህ ወገን ጉልበት የታየው በዲሴምበር 2007 ነው። የኒው ዮርክ ዩኒቨርሲቲ የሕፃናት ጥናት ማዕከል በከተማዋ ማስታወቂያ ሰቀለ። ማስታወቂያው የአጋች ደብዳቤ ይመስላል፤ ኦቲዝም ራሱ ለወላጅ እንደሚጽፍ ተደርጎ፣ ልጅህን ይዤዋለሁ፣ ብቻውን እንዲኖር አደርገዋለሁ ዓይነት ነገር ይላል። ሐሳቡ ወላጅን አንቅቶ ወደ ሕክምና ለማምጣት ነበር። የ20 ዓመት ወጣት የነበረው አሪ ኔማን ከአንድ ዓመት በፊት በመሠረተው የኦቲዝም ሰዎች ማኅበር አማካይነት ተቃውሞ አስተባበረ፤ ሌሎች የአካል ጉዳተኞች ማኅበራትም አብረው ቆሙ። ማዕከሉ ማስታወቂያውን በዚያው ወር አነሣ። ኔማን ከ2 ዓመት በኋላ በፕሬዚዳንት ኦባማ ለብሔራዊ የአካል ጉዳተኞች ምክር ቤት ታጨ። ኦቲዝም ስፒክስ የተባለው፣ በ2005 የተቋቋመውና ከሁሉ የበለጠ ገንዘብ የነበረው ድርጅትም “ፈውስ” የሚለውን ዓላማ በ2016 ከመተዳደሪያው አስወጣ።

ሳይንሱም ተነካ። ለዓመታት የኦቲዝም ሰው የሌላውን ስሜት ማንበብ ያቅተዋል ሲባል ኖሯል። በ2012 እንግሊዛዊው ዳሚያን ሚልተን፣ ራሱ የኦቲዝም ሰው ነው፣ ጥያቄውን ገለበጠው፦ ሌላውስ የኦቲዝምን ሰው ስሜት ያነባል ወይ? አለመግባባት ሁለት ሰው ይፈልጋል፤ ታዲያ ጉድለቱ ለምን አንዱ ላይ ብቻ ይጻፋል? በኤድንብራ ተመራማሪዎች ይህን ለመፈተን ልጆች ጆሮ ለጆሮ እየተንሾካሾኩ የሚጫወቱትን ጨዋታ ተጠቀሙ። አንድ ታሪክ ከአንዱ ወደ ሌላው ሲተላለፍ በ2020 በወጣው ውጤት የኦቲዝም ሰዎች ብቻ ያሉበት ሰንሰለት ከሌሎቹ ሰንሰለት እኩል ታሪኩን ጠበቀ፤ የተበላሸው ሁለቱ ሲቀላቀሉ ነው። የወገኑ ሰዎች ይህን ጥናት በደስታ አስተጋቡት። እነዚያው ተመራማሪዎች ግን በ2025 ብዙ ሰው ይዘው ሲደግሙት የተቀላቀለው ሰንሰለትም ሳይበላሽ አገኙት። የኦቲዝም ሰው መልእክት ማስተላለፍ ያንሰዋል የሚለው አባባል በሁለቱም ጊዜ አልተደገፈም፤ የኦቲዝም ሰው ከኦቲዝም ሰው ጋር ይበልጥ ይግባባል የሚለው ግን እንደ መጀመሪያው ጠንካራ አይደለም። ወገን የሚወደውን ጥናት ብቻ ይዞ ሲዞር ከሚተቸው ሐኪም ብዙም አይሻልም።

በ2018 ደግሞ ሌላ ነገር ወጣ። ኦስትሪያዊው የታሪክ ምሁር ሄርቪግ ቼክ የቪየናን መዛግብት መርምሮ ሐንስ አስፐርገር ሕፃናትን አም ሽፒገልግሩንድ ወደሚባለው ተቋም ይልክ እንደነበረ አሳተመ። እዚያ በናዚ ዘመን ለመኖር አይበቁም የተባሉ 800 ያህል ልጆች ተገድለዋል። አስፐርገር ራሱ ፈርሞ ከላካቸው ውስጥ ሁለት ትንንሽ ሴት ልጆች እዚያው ሞተዋል። ለአስፒዎች ይህ ከ2013ቱ ስረዛ የከፋ ነበር። አንዳንዶቹ ስሙን በማግስቱ ጣሉት። ሌሎቹ ስሙ ከባለቤቱ ተለይቶ የእኛ ከሆነ ቆይቷል ብለው ያዙት። ሁለቱም አቋም ይገባኛል። ያም ሆኖ ታሪኩ አንድ የማይመች ነገር ያስነሣል። አስፐርገር የሚያደንቃቸውና የሚከላከልላቸው ልጆች ነበሩት፤ አዋቂዎቹ፣ ለመንግሥት ይጠቅማሉ ያላቸው። የላካቸው ደግሞ የማይናገሩትንና ክፉኛ የታመሙትን ነው። አስፒ ነኝ ማለት ኦቲዝም ነኝ ከማለት የሚጥመው ሰው፣ ሳያውቀው ያንኑ መስመር ያሰምር እንደሆነ ራሱን ቢጠይቅ አግባብ ነው።

ስሙ እየሰፋ ሲሄድ ቁጥሩም አደገ። የአሜሪካ የበሽታ መቆጣጠሪያ ማዕከል በ2000 ባደረገው ቆጠራ ከ150 የ8 ዓመት ልጆች 1 ኦቲዝም አለበት ሲል፣ በ2022ቱ ቆጠራ ከ31 ልጆች 1 ደረሰ። ከዚህ ውስጥ ብዙው መስፈርቱ ስለሰፋ፣ ሕጉ ከ1990 ጀምሮ ለኦቲዝም ተማሪ ልዩ ትምህርት ስለፈቀደ፣ ቀድሞ የማይታዩት ሴቶችና ጥቁር ልጆች መታየት ስለጀመሩ ነው። ስም በር የሚከፍት ከሆነ ሰው ስሙን ይፈልጋል፤ ይህ ተንኮል አይደለም። በቅርብ ዓመታት ደግሞ ሐኪም ሳያይ በስልኩ ቪዲዮ ተመልክቶ ስሙን ለራሱ የሚሰጥ ወጣት በዝቷል። ኤዲኤችዲ ስለሚባለው የትኩረት ችግር በቲክቶክ ብዙ ከታዩ 100 ቪዲዮዎች ግማሽ ያህሉ አሳሳች እንደነበሩ የካናዳ ተመራማሪዎች በ2022 አሳይተዋል። ይሁን እንጂ ምርመራው ውድ በሆነበት ወይም ወረፋው ዓመታት በሚፈጅበት አገር ሰውዬውን ለምን ሐኪም አልጠበቅህም ብሎ መሳቅ ቀላል ነው።

ስሙ ግን ለሁሉም መጠለያ ሆኖ አይደርስም። በሚኒያፖሊስ የሚኖሩ የሶማሌ ስደተኛ ወላጆች በ2008 ገደማ ልጆቻችን ውስጥ ኦቲዝም በዛ ብለው ጮኹ። የሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ ጥናት በ2013 ሲወጣ ከ32 የሶማሌ ልጆች 1፣ ከ36 ነጭ ልጆች 1 አገኘ፤ ብዙ የማይራራቅ ቁጥር ነው። የተለየው ሌላ ነበር፦ ኦቲዝም የተባሉት የሶማሌ ልጆች ሁሉም የአእምሮ ዕድገት ውስንነት አብሮባቸው ነበር። ወላጆቹ የሚያውቁት ኦቲዝም እንግዲህ የማይናገረውን ልጅ ነው፤ ስለ አንጎል ብዝኃነት የሚያወራውን የኮምፒውተር ባለሙያ አይደለም። ፍርሃታቸውንም የተጠቀሙበት አሉ። ክትባትን ከኦቲዝም ጋር አያይዞ በ1998 በ12 ልጆች ላይ የተሠራ፣ ኋላም መጽሔቱ የሰረዘው ጽሑፍ ጸሐፊ አንድሩ ዌክፊልድ ወደ ሚኒያፖሊስ ተመላልሶ ወላጆቹን አነጋገረ። የክትባት ቁጥር አሽቆለቆለ። በ2017 ሚኒሶታ ውስጥ 75 ሰዎች ኩፍኝ ያዛቸው፤ አብዛኞቹ ያልተከተቡ የሶማሌ ልጆች ነበሩ።

ወደ አዲስ አበባ ስንመጣ ደረጃው ሌላ ነው። በ2002 ወይዘሮ ዘሚ የኑስ ጆይ የኦቲዝም ማዕከልን ሲከፍቱ ብዙ ልጆች ከእንግዳ ተደብቀው ጓዳ ውስጥ ይውሉ ነበር። እሳቸው ከአሜሪካ ተመልሰው የውበት ሙያ ማሠልጠኛ የከፈቱ ነጋዴ፣ የኦቲዝም ልጅ እናት ነበሩ። ልጃቸውን ይዘው በአደባባይ ወጡ፤ በራዲዮና በቴሌቪዥን ደጋግመው ተናገሩ፤ አቡጊዳ ፎኔቲክስ የሚባል የንግግርና የንባብ ማስተማሪያ ዘዴም ፈጠሩ። በ2021 እስኪያርፉ ድረስ ኦቲዝም የሚለው ቃል በከተማው እንዲለመድ ከእሳቸው የበለጠ የሠራ ሰው መጥቀስ ይከብዳል። ነህምያ የኦቲዝም ማዕከልም እንዲሁ በወላጆች ጥረት የተቋቋመ ነው። በ2016 የታተመ፣ አዲስ አበባ ውስጥ የዕድገት እክል ያለባቸው ልጆች አሳዳጊ የሆኑ 102 ሰዎችን ያነጋገረ ጥናት ብዙዎቹ የሕክምናውንም የመንፈሱንም ምክንያት አብረው እንደሚይዙ አሳይቷል፤ የወሊድ ችግር ነው፣ ደግሞም እርግማን ወይም ክፉ መንፈስ ነው። ፀበልም ክሊኒክም ይሄዳሉ። ለእናትየዋ የሐኪሙ ስም ያስገኘላት አንድ ትልቅ ነገር አለ፤ ኃጢአቷ እንዳልሆነ የሚናገርላት ምስክር። የቤተልሃይም ዘመን አሜሪካዊት ብትሰማት ትረዳታለች።

አዲስ አበባ ላይ በአደባባይ የሚሰማው ድምፅ እስከ ዛሬ በአብዛኛው የወላጅ ነው። ይህን እንደ ኋላ ቀርነት የሚያዩ አሉ፤ እኔ አላይም። የራሱን ጉዳይ በአፉ የሚናገር የኦቲዝም ሰው ድምፅ የተሰማው አስፐርገር የሚባለውን ዓይነት ምርመራ በአዋቂ ዕድሜ ማግኘት በተቻለበት አገር ነው። የሚናገረው ሰው ካልተመረመረ ስሙ የማይናገሩት ልጆችና የእናቶቻቸው ብቻ ሆኖ ይቆያል። ዶናልድን የሚመስሉ ኢትዮጵያውያን በየመሥሪያ ቤቱ፣ በየገዳሙ፣ በየትምህርት ቤቱ እንዳሉ አልጠራጠርም፤ የሚጠሩት በጠባያቸው ነው እንጂ በሐኪም ስም አይደለም። አንዳንዶቹ እንደ ፎረስት ሰዎች በሚያቅፋቸው መንደር ይኖራሉ፤ አንዳንዶቹ ደግሞ ዕድሜያቸውን ሁሉ ሲሳቅባቸው።

የውክልናው ክርክር አሜሪካና እንግሊዝ ውስጥ ዛሬ የደረሰበት ቦታ ይህ ነው። ልጃቸው 25 ዓመት ሞልቶት ዳይፐር የሚቀይሩለት፣ ራሱን ሲመታ የሚይዙት ወላጆች “ስጦታ ነው፣ ልዩነት ነው” የሚለውን ንግግር ሲሰሙ ይቃጠላሉ። በ2019 ለከባድ ኦቲዝም ብቻ የሚሟገት ብሔራዊ ምክር ቤት አቋቋሙ። በ2021 መጨረሻ ላንሴት የተባለው የሕክምና መጽሔት ያሰባሰበው ኮሚሽን ሌት ተቀን የሰው እርዳታ ለሚያስፈልጋቸውና በቃል ጉዳያቸውን መግለጽ ለማይችሉት “ጥልቅ ኦቲዝም” የሚል መጠሪያ ይሰጥ አለ። በ2023 የወጣ የአሜሪካ መንግሥት ቆጠራ በዚህ መስፈርት ከተመዘገቡት የ8 ዓመት የኦቲዝም ልጆች 26.7 በመቶው ጥልቅ የሚባሉ መሆናቸውን አሳየ።

ያንን ቁጥር ወላጆቹ በእፎይታ ተቀበሉት፤ ልጆቻችን በመጨረሻ ተቆጠሩ አሉ፤ ምርምሩም ገንዘቡም መናገር ወደሚችሉት አዘንብሎ ነበርና። የኦቲዝም ሰዎች ማኅበራት ደግሞ ተቃወሙ፦ ዛሬ የማይናገር ልጅ ነገ በታብሌት ሊጽፍ ይችላል፤ “ጥልቅ” የተባለ ልጅ ግን ለመማር ዕድል ሳይሰጠው ተስፋ ይቆረጥበታል፤ የቪየናው መስመር በሌላ ቀለም ተመልሶ መሰመሩ ነው አሉ። ስሙን ከሚወስዱት ውስጥ ድምፅ የሌላቸው ሩብ ያህል በሆኑበት ጉዳይ፣ ድምፅ ያላቸው ሦስት ሩብ ለሁሉም እናወራለን ሲሉ ልክ ናቸው ለማለት አልደፍርም። ወላጆቹም ለልጃቸው እንናገራለን ሲሉ የልጃቸውን ልብ እንደሚያውቁ ማንም አላረጋገጠላቸውም። መዝገቡ በሚቀጥለው እትሙ አዲሱን ስም ያስገባ እንደሆነ ሐኪሞቹ ይወስናሉ፤ በ1973፣ በ1980 እና በ2013 እንደሆነው ሁሉ፣ በሩ ላይ የሚጠብቃቸው ሕዝብ እያለ።